ቅድሚያ የተሰጠው ትሬድ ለምን ቆሞ ይጠብቃል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስድስቱን መርጠናል። ላይ ላዩን ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብሎ ላነበባቸው ግን የጠያቂዎቹ ችግር ተቀራራቢ ነው። ለትሬድ የሰጡት ቅድሚያ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሠራ ይመስላቸዋል፤ ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ያስቸግራል፤ በሙከራ ሰርቨር ላይ ደግሞ ጭራሽ ያለም አይመስልም። ለጉዳዩ አዲስ ለሆኑ አንባቢያን፣ ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች አንዱ ሲሆን፣ ስኬጁለር የሚባለው ደግሞ የትኛው ትሬድ በየትኛው የፕሮሰሰር ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ በሚሠራ ክፍል) ላይ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ለመድኃኒት መደብሮች የሚሆን የሽያጭና የክምችት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በጃቫ ስዊንግ (በጃቫ የመስኮት መሥሪያ) ሠርቻለሁ። መስኮቱ እንዳይዘገይ በማሰብ የመስኮቱን ትሬድ ቅድሚያ 10፣ የቀኑን ሪፖርት የሚያዘጋጀውን ትሬድ ደግሞ 1 አድርጌዋለሁ። የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ የሚጨምቁት ሁለት ትሬዶች በነበሩበት በ5 ቀርተዋል። ባለ 8 ኮር በሆነው የእኔ ላፕቶፕ ላይ ምንም እንከን አይታይበትም። ባለ 2 ኮር የዊንዶውስ ኮምፒውተር ባለው ደንበኛዬ ዘንድ ግን ማታ ሪፖርቱና ቅጂው በአንድነት ሲጀመሩ፣ መስኮቱ አራት አምስት ሰከንድ ያህል ድርቅ ብሎ ይቆምና እንደገና ይንቀሳቀሳል። ከ10 በላይ ቅድሚያ የሚሰጥበት መንገድ ይኖር ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጃቫ ቅድሚያ ከ1 እስከ 10 ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ መውጣት አይቻልም። ቢቻልም ኖሮ ችግርዎን አይፈታውም ነበር፤ መስኮትዎ የቆመው ቅድሚያ አንሶት ሳይሆን ሌላ ትሬድ የያዘበትን ነገር እየጠበቀ ይመስለኛልና። ይህን ለማለት ያስደፈረኝ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ የጠቀሱት «አራት አምስት ሰከንድ» የሚለው ልኬት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ቅድሚያና ፍጥነት የተለያዩ መሆናቸውን እንያዝ። ታክሲ ተራ ላይ ሰልፍ በሌለበት ሰዓት «ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጥ» የሚለው ደንብ ማንንም አያስቀድምም፤ የመጣው ሁሉ ገብቶ ይሳፈራል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውለው ወንበሩ ከተሳፋሪው ሲያንስ ነው። በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ 8 ወንበር ለ4 ተሳፋሪ ስላለ የሰጡት ቁጥር 1ም ሆነ 10 የሚያመጣው ለውጥ የለም። ደንበኛዎ ዘንድ ግን 4 ተሳፋሪ ለ2 ወንበር ይጋፋል፤ ቁጥሮችዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የጀመሩት እዚያ ነው።

አሁን ቁጥሮቹ በዊንዶውስ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ እንመልከት። ዊንዶውስ ከ0 እስከ 31 የሚደርሱ የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት፤ አንድ ተራ ፕሮግራም የሚነሳው ከ8 ነው። በጣም የተለመደው የጃቫ ማስኬጃ ሆትስፖት፣ አሥሩን የጃቫ ቁጥሮች ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ወደ አምስት ደረጃዎች ያወርዳቸዋል። ስለዚህ የመስኮትዎ 10 በዊንዶውስ ዘንድም እንዳጋጣሚ 10 ይሆናል፤ የሪፖርቱ 1 ደግሞ 6 ይሆናል፤ ጨማቂዎቹ በ8 ይቀራሉ። በነገራችን ላይ የስዊንግ መስኮት ትሬድ እርስዎ ምንም ሳይነኩት ከመነሻው በ6 ነው የሚፈጠረው፤ 5ና 6 በዊንዶውስ ላይ ወደ አንድ ደረጃ ስለሚወርዱ ግን ልዩነቱን ማንም አያየውም።

እንደ እኔ ግምት ማታ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሪፖርቱ ትሬድ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ሌላ እንዳይነካበት ሎክ ያደርግና መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱ ጨማቂዎች ይነሳሉ፤ ደረጃቸው ከእርሱ ስለሚበልጥ ሁለቱንም ኮሮች ይዘው ያስወጡታል፤ እርሱም ሎኩን እንደያዘ ከወረፋው ግርጌ ይቀመጣል። ገንዘብ ተቀባይዋ በዚህ መሐል የመድኃኒት ስም ትጽፋለች፤ የመስኮቱ ትሬድ ዝርዝሩን ሊያነብ ይሞክራል፤ ሎኩ ተይዟልና ይቆማል። ሎክ የሚጠብቅ ትሬድ ለኮር አይወዳደርም፤ ስለዚህ የእርስዎ 10 በዚያች ሰዓት ዋጋ የለውም። ከፍተኛው ዝቅተኛውን ይጠብቃል፤ ዝቅተኛውን ደግሞ መካከለኞቹ አያስጠጉትም። ይህ በሙያው የቅድሚያ መገልበጥ የሚባለው የታወቀ ችግር ነው።

ታዲያ ከአራት አምስት ሰከንድ በኋላ ማን ፈታው? ዊንዶውስ ራሱ ነው። ለመሥራት ዝግጁ ሆነው ሳለ 4 ሰከንድ ገደማ ተራ ሳያገኙ የቆዩ ትሬዶችን በየሰከንዱ የሚፈልግ አንድ ክፍል አለው፤ ያገኛቸውን ለአጭር ጊዜ ወደ ደረጃ 15 ከፍ ያደርጋቸዋል። የሪፖርቱ ትሬድ በዚህች ምጽዋት የያዘውን ጨርሶ ሎኩን ሲለቅ መስኮቱ ነፍስ ይዘራል። የመቆሚያው ርዝመት ሁልጊዜ በዚያው አካባቢ መሆኑ ጥርጣሬዬን ያጠናከረው ለዚህ ነው።

ግምቱን ለማረጋገጥ መስኮቱ በቆመበት ቅጽበት ጄስታክ በሚባለው የጃቫ መሣሪያ የትሬዶቹን ሁኔታ ያስወጡ። የመስኮቱ ትሬድ «ታግዷል» ተብሎ፣ ሎኩን የያዘው ደግሞ የሪፖርቱ ትሬድ መሆኑ ተጽፎ ካገኙት ጉዳዩ አልቋል። ሁለት ነገር ግን አያሳስትዎ። የሪፖርቱ ትሬድ «በመሮጥ ላይ» ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ ጃቫ በእርግጥ እየሠራ ባለና ዝግጁ ሆኖ ተራ በሚጠብቅ ትሬድ መካከል አይለይም። ዝርዝሩ ራሱም ሊዘገይ ይችላል፤ ጄስታክ ትሬዶቹ ሁሉ አመቺ ቦታ ላይ እስኪደርሱ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ተራ ያጣው ትሬድ እዚያ የሚደርሰው ኮር ሲያገኝ ነው። የማይፈለግ ማስታወሻን የሚያስለቅቀው የጃቫ ጽዳትም በተመሳሳይ ምክንያት ሊያዝ ይችላል፤ አንዱን ትሬድ ማስራብ ጎረቤቶቹንም ይነካል ማለት ነው።

ሕክምናው ቁጥር መጨመር አይደለም። የሰጧቸውን ቅድሚያዎች በሙሉ አንሥተው ሁሉንም ወደ 5 ይመልሱ። ከዚያ የሪፖርቱ ትሬድ ሎኩን ይዞ የዝርዝሩን ቅጂ ብቻ እንዲወስድ፣ ስሌቱንም ሎኩን ከለቀቀ በኋላ በቅጂው ላይ እንዲሠራ ያድርጉ፤ የብዙ ሰከንድ ይዞታ ወደ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይወርዳል። የመስኮቱ ትሬድ ሎክ ሊጠብቅ የሚችልበት ቦታ ጨርሶ ባይኖር ይመረጣል፤ ንባቡን ስዊንግ ወርከር በሚባለው የስዊንግ መሣሪያ በኩል ከጀርባ አስነብበው ውጤቱን ብቻ ወደ መስኮቱ ይላኩ። ጨማቂዎቹንም የኮሩ ቁጥር ሲቀነስ 1 ያህል ብቻ ያስነሱ፤ በደንበኛዎ ማሽን ላይ አንድ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። የግድ የአንዱን ቅድሚያ ዝቅ ላድርግ ካሉ፣ ከመስኮቱ ጋር ምንም ሎክ የማይጋሩትን ጨማቂዎች ዝቅ ያድርጉ። መስኮቱን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ የአይጥ ወይም የኪቦርድ መልእክት የደረሰውን የመስኮት ትሬድ በራሱ ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በጃቫ ሁለት ትሬዶች ፈጥሬ አንዱን 1፣ ሌላውን 10 ሰጥቼ ለአንድ ደቂቃ አስቆጠርኋቸው። እኩል ቆጠሩ። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ)

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ሙከራዎ ትክክለኛ መልስ ነው የሰጠዎት። አንደኛው ምክንያት ከላይ እንደተባለው ሁለት ትሬድ ከሁለት በላይ ኮር ባለው ማሽን ላይ አለመጋፋታቸው ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሆትስፖት በሊኑክስ ላይ እርስዎ የሰጡትን ቅድሚያ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፤ መልሰው ሲጠይቁትም 10 ይልዎታል፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን አይነግረውም። እንዲነግረው ከተፈለገ «ትሬድ ፕራዮሪቲ ፖሊሲ» የተባለውን ማስተካከያ 1 ማድረግና ተገቢውን የሥርዓት ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የጃቫ 5 የሊኑክስ ናይስ 0፣ 1 ናይስ 4፣ 10 ደግሞ ናይስ ሲቀነስ 5 ይሆናል።

ናይስ ከሲቀነስ 20 እስከ 19 የሚደርስ ቁጥር ሲሆን፣ ዝቅ ባለ መጠን ድርሻው ከፍ ይላል። ከዊንዶውስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ተራው የሊኑክስ ስኬጁለር ዝቅተኛውን ጨርሶ አያስቆመውም፣ ድርሻውን ይቀንስበታል እንጂ። እያንዳንዱ የናይስ ደረጃ የትሬዱን ክብደት፣ ማለትም ድርሻው የሚሰላበትን ቁጥር፣ በ1.25 ገደማ ያባዛዋል ወይም ያካፍለዋል። ናይስ ሲቀነስ 5 ክብደቱ 3121፣ ናይስ 4 ደግሞ 423 ስለሆነ፣ ሁለቱ ትሬዶችዎ በአንድ ኮር ላይ ቢታሰሩ የመጀመሪያው 88 በመቶ፣ ሁለተኛው 12 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። ይህን ስሌት በወረቀት ከሠሩ በኋላ ሙከራውን ታስክሴት በሚባለው ትእዛዝ በአንድ ኮር ላይ ደግመው ያስኪዱት፤ ሁለቱ ውጤቶች ሲገጥሙ ማየት ከማንኛውም ንባብ የበለጠ ያስተምራል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊኑክስ በዴስክቶፕ ላይ ከተለያየ ተርሚናል የተነሡ ፕሮግራሞችን በየቡድናቸው ሊከፋፍላቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ ናይስ የሚሠራው በቡድኑ ውስጥ ብቻ ነው። በአንዱ ተርሚናል በናይስ 19 ያስነሡት ከባድ ሥራ በሌላው ተርሚናል ያለውን እኩል ሲሻማው ቢያዩ አይደነቁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን የምንሠራ ትንሽ ድርጅት ነን። የደንበኞቻችንን ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተሮች ገዝቶ የሙከራ ክፍል ለማደራጀት አቅም የለንም። ባለን ማሽን ላይ ደካማውን ኮምፒውተር ማስመሰል ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ምን እንደሚያስመስሉ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ደካማ» የሚባለው ኮምፒውተር ኮሩ ጥቂት፣ ኮሩ ዘገምተኛ፣ ዲስኩ ዘገምተኛ ወይም ማስታወሻው ጠባብ ሊሆን ይችላልና። የትሬድ ቅድሚያን ለመፈተሽ ዋናው የኮር ቁጥር ነው።

በዊንዶውስ ላይ ቀላሉ መንገድ ፕሮግራሙን በስታርት ትእዛዝ የአፊኒቲ (የኮር መምረጫ) ቁጥር 3 ሰጥቶ ማስነሣት ነው፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮሮች ላይ ብቻ ያስረዋል። ሁለት ድክመት ግን አለው። ብዙ ፕሮሰሰሮች አንዱን እውነተኛ ኮር ሁለት አድርገው ስለሚያሳዩ፣ «ሁለት ኮር» ያሉት አንድ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የታሰረው የእናንተ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ጸረ-ቫይረሱ፣ ብራውዘሩና የዊንዶውስ ማሻሻያው በቀሩት ኮሮች ላይ ይንሸራሸራሉ፤ ደንበኛው ዘንድ ግን ሁሉም በአንድ ጠባብ በር ነው የሚጋፉት። ስለዚህ ባለ 2 ኮር ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር ፈጥሮ፣ ደንበኛው የሚጠቀምበትን የዊንዶውስ ዓይነት ከነጸረ-ቫይረሱ ጭኖ፣ ንጹሕ ሁኔታውን በቅጽበታዊ ቅጂ አስቀምጦ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ወደዚያው መመለስ የተሻለ ነው። የዊንዶውስ ዓይነት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰርቨር ዊንዶውስ ለአንድ ትሬድ የሚሰጠው የሥራ ቁራጭ ከዴስክቶፑ በብዙ እጥፍ የሚረዝም በመሆኑ፣ በሰርቨር ላይ የተደረገ የመስኮት ሙከራ የዴስክቶፑን ጠባይ አያሳይም።

ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬደውን ዶከርን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። የፕሮሰሰር መጠን 1 ብለው ሲገድቡት አንድ ኮር የሰጡት ይመስላቸዋል። በእውነቱ የሰጡት በየ100 ሚሊሰከንዱ የ100 ሚሊሰከንድ ሥራ ኮታ ነው። አራት ትሬዶች በአራት ኮር ላይ በአንድነት ቢነሡ ኮታውን በ25 ሚሊሰከንድ ጨርሰው ለቀረው 75 ሚሊሰከንድ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ይህ የደካማ ኮምፒውተር ጠባይ አይደለም፤ በአንድ ኮር ላይ የሚደረገውን መጋፋትም አያሳይም። ኮር ቆጥሮ የሚያስረውን ምርጫ፣ ሲፒዩሴት የሚባለውን፣ ተጠቀሙ።

መብራት የሚጠፋበት ቢሮ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ ተጨማሪ ምክር አለኝ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ልኬት ሲለያይ ኮዱን ከመውቀስ በፊት ሶኬቱን ተመልከቱ። ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ማሽኑ በመብራት ወይም በባትሪ መሆኑን መመዝገብ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የዴስክቶፕ ፕሮግራማችን ሙከራዎች በገንቢዎቹ ማሽን ላይ ያልፋሉ። በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ግን በዊንዶውስ መስኮት አይገኝም፣ በሊኑክስ ደግሞ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይነሣል። ቅድሚያውን ብንጨምርለት ይሻል ይሆን? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ቅድሚያ እዚህ ውስጥ የለበትም። በዊንዶውስ ላይ የሙከራ ወኪሉን፣ ማለትም ሙከራዎቹን የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ እንደ ሰርቪስ (ከጀርባ እንደሚሠራ ፕሮግራም) አስነሥታችሁት ይሆናል፤ ሰርቪሶች ከቪስታ ጀምሮ የሚኖሩት ተጠቃሚ በማያየው በክፍለ ጊዜ 0 ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚነካ ዴስክቶፕ የለም። ወኪሉ በገባ ተጠቃሚ ስም፣ በተከፈተ ዴስክቶፕ ላይ ይነሣ። በርቀት ገብታችሁ ስትወጡ ግንኙነቱን ማቋረጥ ወይም ስክሪኑን መቆለፍም ያንኑ ችግር ያመጣል፤ አይጡን የሚያንቀሳቅሰው ሙከራ የሚነካው ነገር ያጣል።

በሊኑክስ ላይ ስክሪን የሌለውን ሰርቨር በማስታወሻ ውስጥ ብቻ ያለ ስክሪን የሚሰጠው ኤክስቪኤፍቢ ነው። ጃቫን «ሄድለስ» አድርጎ ማስነሣት ከዚህ የተለየ መሆኑ ይታወቅ፤ ያኛው መስኮት ለመክፈት ሲሞከር ስህተት ይወረውራል። የስክሪኑን ስፋትና የቀለም ጥልቀት በግልጽ ስጡት፤ በነባሪው አትተማመኑ። ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪም አብራችሁ አስነሡ፤ ያለ እርሱ የትኛው መስኮት ኪቦርዱን እንደሚቀበል የሚወስን ስለሌለ ጽሑፍ የሚያስገቡ ሙከራዎች በዘፈቀደ ይወድቃሉ። ባዶ ሣጥኖቹ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ስላልተጫነ ነው። ፊደላችን የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አነስተኛ ሆነው የሚዘጋጁ የሊኑክስ ቅጂዎች ግን ፎንቱን ይዘው አይመጡም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ፤ ሁሉም ማሽን ላይም አንዱን፣ በአንድ ዓይነት ስሪት፤ የፊደሉ ስፋት በፎንት ስለሚለያይ ምስል የሚያነጻጽሩ ሙከራዎች በአንድ ነጥብ ልዩነት ይወድቃሉና።

ጥያቄ፦ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራሜ እንዳይቆራረጥ በዊንዶውስ «ሪል ታይም» ደረጃ ሰጠሁት። ኮምፒውተሩ አይጡ እንኳን እስከማይንቀሳቀስ ደረጃ ቆመ። ለምን? (ከዱባይ)

መልስ፦ ያ ደረጃ አይጥና ኪቦርድን ከሚያገለግሉት የዊንዶውስ ትሬዶች ስለሚበልጥ፣ አንድ የማያርፍ ዙር በውስጡ ካለ እነርሱን ያስርባቸዋል። ወደ ተራው ደረጃ ይመልሱት፤ ከዚያም ዊንዶውስ ለድምፅና ለምስል ሥራ ባዘጋጀው የመልቲሚዲያ አገልግሎት በኩል ድምፁን የሚያነበውን አንድ ትሬድ ብቻ ያስመዝግቡ፤ ፋይል የሚጽፈው ሌላ ተራ ትሬድ ይሁን። አስተዳዳሪ ባልሆነ ተጠቃሚ ስም ሲሞክሩት ኮምፒውተሩ ካልቆመ ስህተቱ ተስተካከለ ብለው አይደምድሙ፤ ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለውን ጠያቂ ምንም ሳይናገር አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ያስተናግደዋል። ሊኑክስ በበኩሉ እንዲህ ላሉ ትሬዶች ከእያንዳንዱ ሰከንድ 95 በመቶውን ብቻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የቀረችው 5 በመቶ ያበደውን ፕሮግራም ለመዝጋት ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ከመቶ ጊዜ አንዴ ብቻ የሚወድቅ ሙከራ አለን። ባልደረቦቼ «ደግመህ አስኪደው» ይላሉ፤ ደግሜ ሳስኬደው ያልፋል። አንዱ ደግሞ የአንዱን ትሬድ ቅድሚያ ከፍ ሲያደርግ ጨርሶ መውደቅ አቆመ። ችግሩ ተፈታ ማለት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቻልም፤ ባልደረባዎ ያደረጉት ስህተቱን ከመቶ አንዴ ወደ ሺህ አንዴ ማራቅ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ስህተት አቃልሎ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ በሙያው ዘንድ በደንብ የተመዘገበ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለችው የናሳ መንኩራኩር ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ በራሱ እየጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር፤ በተነሣ ቁጥርም የቀኑ ቀሪ ሥራ ለማግስቱ ያድር ነበር። መንኩራኩሯ ቪኤክስወርክስ በተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የምትሠራ ነበረች። መረጃ የሚያመላልሰውን መስመር የሚቆጣጠረው ተግባር ከፍተኛ ቅድሚያ፣ የአየር ሁኔታ መለኪያውን የሚያነበው ዝቅተኛ ቅድሚያ ነበራቸው፤ በመካከል የመገናኛ ተግባሩና ሌሎች ነበሩ። ዝቅተኛው ሎክ እንደያዘ መካከለኞቹ ይቀድሙታል፤ ከፍተኛው ሎኩን ሲጠብቅ የተሰጠው ጊዜ ያልፋል፤ ጊዜ ጠባቂው ችግር መኖሩን አይቶ ኮምፒውተሩን ያስነሣዋል። የሐዋሳው ጠያቂያችን ፋርማሲ ውስጥ የገጠማቸው ያው ነገር ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ገንዘብ ተቀባይ አለመኖሯ ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በፊትና በኋላ የሆነው ነው። ስህተቱ ከማረፏ በፊት በምድር ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ታይቶ ነበር፤ ሊከታተሉት ሲሞክሩ እንዲደገም ማድረግ ስላልቻሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀረ። ከማርስ ዜናው ሲመጣ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ምድር ላይ በያዙት የመንኩራኩሯ ቅጂ ላይ የክንውን መዝጋቢውን ከፍተው ተመሳሳዩን ሥራ ደጋግመው አስኬዱና ስህተቱን ያዙት። መፍትሔውም ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሎክ ሲጠብቅ የእርሱ ደረጃ ሎኩን ለያዘው ለጊዜው እንዲወረስ የሚያደርገውን፣ በዚያ ሎክ ላይ ተዘግቶ የነበረውን ምርጫ መክፈት ነበር፤ ይህንንም ከምድር ልከው ማርስ ላይ አስተካከሉት። የጃቫ የተለመደው ሎክ ይህን ውርስ አይሰጥም፤ ሊኑክስ ላይ በሲ የሚጽፍ ግን ሎኩን ሲፈጥር ሊጠይቀው ይችላል።

ስለዚህ ባልደረባዎ የጨመሩትን ቅድሚያ ዛሬውኑ ያንሡት፤ ማስረጃ እየሸፈነ ነው። ሙከራውን በአንድ ኮር ላይ፣ ከዚያም በሁለት ኮር ላይ አስረው፣ ጎኑ ሌላ ከባድ ሥራ አስነሥተው ሌሊቱን ሙሉ ያስደጋግሙት። በወደቀበት ቅጽበት የትሬዶቹ ዝርዝርና የስክሪኑ ምስል በራሱ እንዲቀመጥ ያድርጉ። በሙከራው ውስጥ «ግማሽ ሰከንድ ተኛ» የሚሉ መስመሮች ካሉ፣ የሚጠበቀው ነገር መድረሱን በሚያበስር ምልክት ይተኳቸው፤ ግማሽ ሰከንድ በፈጣን ማሽን ላይ ይተርፋል፣ በተጨናነቀ ሰርቨር ላይ አይበቃም። «ከወደቀ ደግመህ አስኪድ» የሚለው የራስ-ሰር ምርጫ ከተከፈተም ይዝጉት፤ ወይም ቢያንስ በድጋሚ ያለፈውን ካለፈው ለይቶ እንዲመዘግብ ያድርጉት።

እኔ ራሴ የምጠቀምበት አንድ ፈተና አለ። የፕሮግራሙን ቅድሚያዎች በሙሉ እኩል አድርጌ ሙከራዎቹን አስኬዳለሁ፤ ከዚያ ገልብጬ፣ ማለትም ከፍተኛውን ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛውን ከፍተኛ አድርጌ እንደገና አስኬዳለሁ። ፕሮግራሙ ሊዘገይ ይችላል፤ መልሱ ግን መለወጥ የለበትም። በእርስዎ ማሽን ላይ ሲገለበጥ የሚወድቀው ሙከራ የትኛው እንደሆነ ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም ከዚያ እንቀጥላለን፤ ከደብዳቤው ጋር የኮሩን ቁጥር መላክዎን ግን አይርሱ።